«ሶብር አድርጊ» ከማለትህ በፊት
ወንድሜ፣ እህትህ ኬሞ ወስዳ ስትመለስ «ሶብር አድርጊ» ለማለት አትቸኩል። ሶብር ማለት አለማልቀስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) ጉዳት እንደደረሰባቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ያም ሆኖ አላህ በሱረቱ ሷድ ታጋሽነታቸውን መስክሮላቸዋል። ስለዚህ «ደከመኝ» ስትልህ ስማት፣ ተግሣጹን ተወው።

ኬሞ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም፤ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ጤነኛ ሴሎችንም ይነካል። ፀጉሯ የሚረግፈው፣ አፏ የሚቆስለው ለዚህ ነው። ትናንት የምትወደው የወጥ ሽታ ዛሬ ሊያስመልሳት ይችላል። «ብዪ እንጂ» እያልክ አታስጨንቃት፣ ጥቂት ጥቂት አቅርብላት። ነጭ የደም ሴሎቿ ሲቀንሱ ደግሞ ኢንፌክሽን ያሰጋታል። ጠያቂ ሁሉ እጁን ይታጠብ። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቃት (ዱዓእ እንደሆነ ከሩቅም ይደረጋል)። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዳት።

ቆማ መስገድ ካቃታት ተቀምጣ፣ እሱም ካልሆነላት ተኝታ ትስገድ፤ የውዱእ ውሃውን አንተ አቅርብላት። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወንድማቸውን ሃሩንን አጋዥ እንዲያደርግላቸው አላህን ለምነዋል። ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለስ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ጠይቃት፣ አብረሃትም ለመሄድ ከሥራህ ፈቃድ ውሰድ።