ሰዉ ሲሄድ ባሕሩ አይዘጋም



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ጉዞ ነው። የሐጅ ወይም የዑምራ ጉዞ ግን አይደለም። ሰው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ስለሚደረግ ጉዞ ነው፤ በብርድ ወራት፣ ጎብኚ በሌለበት ጊዜ የባሕር ዳር ከተማን ስለማየት።

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ብላክፑልን ታውቋታላችሁ። ለማታውቋት፣ ብላክፑል በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በአይሪሽ ባሕር ዳር ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት። በ1846 ባቡር ሲገባላት በአካባቢው የጥጥ ፋብሪካዎች የሚሠራው ሕዝብ ይጎርፍባት ጀመር። የፋብሪካ ከተሞቹ በየተራ ለአንድ ሳምንት ሥራ ያቆሙ ነበር። ማሽኑ ሲቆም ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ባቡር ላይ ተሳፍሮ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ የጥጥ ብናኝ ሲተነፍስ የከረመ ሰው ለአንድ ሳምንት ንጹሕ አየር ያገኛል። ከተማዋ ያደገችው ለዚህ እንግዳ ነው። ወደ ባሕሩ ዘልቀው የሚገቡ ሦስት የመዝናኛ ድልድዮች በ1863፣ በ1868 እና በ1893 ተሠሩላት። በ1894 ደግሞ የፓሪሱን አይፍል ታወር አርአያ አድርገው 158 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ማማ አቆሙባት።

እስቲ አሁን በጃንዋሪ አጋማሽ፣ በእኛ ጥር መጀመሪያ፣ ሄዳችሁ እዩዋት። ትልቁ የመጫወቻ ቦታ በሩ ተቆልፏል። የአይስክሬም ሱቆቹ መዝጊያ ወርዷል። ነፋሱ ከባሕሩ በቀጥታ እየመጣ ጃንጥላ ይገለብጣል። ማዕበሉ ሲበረታ የባሕሩን ግንብ ዘሎ መንገዱ ላይ ይደፋል። ከ1885 ጀምሮ በዚያ ዳርቻ የሚመላለሰው ትራም ጥቂት ሰዎችን ብቻ ይዞ ያልፋል። በበጋ እግር ማሳረፊያ የሚጠፋበት አሸዋ ላይ ውሻውን የሚያንሸራሽር አንድ ሰው ብቻ ታያላችሁ።

በበጋ ልጆች የሚጋልቧቸው አህዮችም የሉም፤ መስክ ገብተው ያርፋሉ። ስለ እነሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በከተማዋ ደንብ መሠረት አህዮቹ በሥራ ወቅትም የምሳ ሰዓት እረፍት አላቸው፤ በሳምንትም አንድ ቀን አይሠሩም። ቀኑ የትኛው ይመስላችኋል? ዓርብ! ሱብሓነላህ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለእንስሳት ሐቅ እንዳላቸው፣ ከአቅማቸው በላይ ማሠራትም ሆነ ማስራብ እንደማይፈቀድ አስተምረውናል። እኛስ? ጁሙዓችንን ከሥራና ከስልክ ነጥለን ለነፍሳችን አንዲት ሰዓት እንሰጣታለን?

ወደ ከተማዋ እንመለስ። ብላክፑል ይህን ባዶነት ትፈራዋለች። እንጀራዋ ነዋ! በ1879 ስምንት የኤሌክትሪክ መብራቶች በባሕሩ ዳር ተክላ ሕዝቡን አስደምማ ነበር። ቆየት ብሎም በጋው ሲያልቅ በየዓመቱ መንገዱን በመብራት ማሸብረቅ ልማዷ ሆነ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ እንግዳው ቶሎ እንዳይሄድባት። የመብራቱ ጊዜ በቅርብ ዓመታት እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ተራዝሟል። ግን የቱንም ያህል ቢራዘም አንድ ሌሊት ይጠፋል። ያኔ ለእንግዳ የተሠራው ነገር ሁሉ ያለ እንግዳ ይቀራል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ነገር ከልባችን ሁኔታ ጋር አይመሳሰልባችሁም? ረመዷን ሲገባ ልባችን በጋ ይሆናል። የተራዊሕ ሰፍ ከመስጂድ አልፎ አስፋልት ላይ ይደርሳል። ቁርኣን ይቀራል፣ ሰደቃ ይሰጣል፣ እንባ ይፈሳል። ሸዋል አጋማሽ ላይ ሱብሒ ስትመጡስ? አንድ ሰፍ እንኳ አይሞላም፤ እሱም በአብዛኛው አባቶች ናቸው። መዝጊያው ወርዷል፣ መብራቱ ጠፍቷል። ለአንዳንዳችን ደግሞ ወቅቱ ረመዷን ሳይሆን ሰው ነው። ከጓደኛ ጋር ስንሆን ሶላታችን ያምራል። ብቻችንን ክፍላችን ውስጥ ስንሆን ዒሻእ ያልፋል፤ ስልካችንም ለሰው የማናሳየውን ያሳየናል። ለእንግዳ የተሠራ ዲን እንግዳው ሲሄድ ይዘጋል።

ባሕሩን ደግሞ ተመልከቱት። የባሕር ዳር ከተማን በብርድ ወቅት የማየት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ በበጋ ሙዚቃውና ጫጫታው የሚሸፍነው ባሕር ያን ጊዜ ብቻውን ይታያል። ብላክፑል ላይ ውኃው ሲሸሽ ሰፊ አሸዋ ባዶውን ይቀራል፤ ሲመለስ ግንቡን ይመታል። በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ጨረቃን አላህ (ሱ.ወ) ምክንያት አድርጎለታል። በጁላይ ሺዎች እያዩት ይመጣል፤ በጃንዋሪ ሌሊት ማንም ሳያየው ይመጣል። ለተመልካች ብሎ አይጨምርም፣ ተመልካች አጣሁ ብሎም አይቀርም። ፍጥረት ሁሉ ጌታውን እንደሚያጠራ፣ እኛ ግን ማጥራቱን እንደማንረዳ ቁርኣን ነግሮናል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ከአንድ ሌሊት ሃያ ረከዓ ይልቅ በየሌሊቱ የማይቀር ዊትር። ከአንድ ቀን ሙሉ ጁዝእ ይልቅ በየቀኑ የማትቀር አንዲት ገጽ።

ለዚህ ደግሞ የብርድ ወቅቱ ራሱ በር ይከፍታል። በዚያ አካባቢ በጃንዋሪ አጋማሽ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትገባለች። በጁን 17 ሰዓት ገደማ የሚረዝመው ቀን ነው እንዲህ የሚያጥረው። አገር ቤት ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነ ይህን ላናስተውለው እንችላለን። ውጭ ያላችሁ ግን ታውቁታላችሁ፤ ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ ይከታተላሉ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ካልተጠነቀቀ አንዱ ያመልጠዋል። በሌላ በኩል ሱና ጾም መጾም እንዲህ የሚቀልበት ጊዜ የለም። ሌሊቱ 16 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ ጠግቦ ለተሀጁድ መነሳት ይቻላል። ቀደምት ደጋግ ሰዎች ብርድ ሲገባ ደስ ይላቸው የነበረው ለዚህ ነው። እኛ "ደባሪ ወቅት" የምንለውን እነሱ ትርፍ ይሉት ነበር።

ሌላም መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ከተማዋ ባዶ ትመስላለች እንጂ ባዶ አይደለችም። እንግሊዛዊው በርካሽ አውሮፕላን ወደ ስፔን መሄድ ሲጀምር ብዙ የእንግዳ ማረፊያዎች ገበያ አጡ፤ ብዙዎቹም በርካሽ የሚከራዩ ክፍሎች ሆኑ። ዛሬ ብላክፑል ከእንግሊዝ እጅግ ድሃ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። በበጋ አልጋ ያነጠፈችው፣ ሳህን ያጠበው፣ ትኬት የቆረጠው ሰው በብርዱ ወራት ሥራ ሊፈታ ይችላል። የተዘጋ ሱቅ ፎቶ አንስቶ "የሞተች ከተማ" ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። ሙእሚን ግን ከመዝጊያው ጀርባ ያለውን ሰው ያያል። ከሄዳችሁ ሻያችሁን ክፍት ከሆነችው ትንሽ ካፌ ጠጡ፤ ዋጋ አትከራከሩ፤ ሰላምታና ፈገግታ አትንፈጉ። ፈገግታ ሰደቃ ነው ተብለናል፤ ለሙስሊም ብቻ ተብሎ አልተገደበም።

ሱረቱ ቁረይሽን ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። አላህ (ሱ.ወ) በዚያች አጭር ሱራ የቁረይሾችን ሁለት የንግድ ጉዞዎች ያነሳል፤ የብርዱንና የበጋውን። አስቀድሞ የጠራውም የብርዱን ነው። መካ እህል የማይበቅልባት ሸለቆ ነበረች፤ ሕዝቧ የሚበላው ከጉዞ በሚገኝ ትርፍ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ግን ጉዞውን አምልኩ አይልም፤ ከረሃብ ያበላቸውን፣ ከፍርሃት ያሳረፋቸውን የዚያን ቤት ጌታ እንዲያመልኩ ነው። ወቅት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ገበያ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ሲሳዩን የሚሰጠው ግን የሁለቱም ወቅት ጌታ ነው።

ስለዚህ በዚህ የብርድ ወቅት ዕድሉ ያላችሁ አንድ ቀን ባሕር ዳር ሂዱ። ማዕበሉ ግንቡን ሲዘል ግን አትጠጉ፤ ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ተከልክሏል። ስልኩን ኪስ ክተቱት። ምድር ለዚህ ኡመት መስገጃ ተደርጋለችና ዐስር ሲደርስ ከነፋስ ከለል ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ስገዱ። በበጋ "ሰው ያየኛል" ብላችሁ አፍራችሁ ይሆናል፤ ዛሬ የሚያያችሁ የለም። "የሚያየኝ ከሌለ ለምን እቸኩላለሁ?" ብላችሁም ሱጁዱን አስረዝሙት። መሄድ የማትችሉም አትዘኑ፤ ብቻችሁን የምትሆኑበት ክፍል ሁሉ ሰው የሄደበት ባሕር ዳር ነው። ዛሬ ማታ በሩ ሲዘጋ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ልባችሁ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

ያ አላህ! ሰው ሲያየንም ሳያየንም አንድ አድርገን። በረመዷን የሰጠኸንን ከረመዷን ውጪ አትንሳን። ሲሳያቸው የቀዘቀዘባቸውን፣ በብርድ መጠለያ ያጡትን፣ በስደት ብቻቸውን ያሉ ወንድምና እህቶቻችንን አንተ ድረስላቸው። ሥራችንን ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ አድርግልን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን አትርሱ፤ በነብያችን ላይም ሶለዋት አብዙ። መልካም ጁሙዓ።