በሙገሳ አንግዛ፣ በሐሜት አንሽሽ



በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ የጀመረ ሰሞን፣ ከእቁብ የደረሳቸውን 10,000 ብር ይዘው አስጠሩኝ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ስለነበር ገንዘባቸው በልክ ይበቃል። ሽያጩ በቴሌብር ነውና ስልክ ላይ ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው የቀራቸው። የእህታቸው ልጅ፣ “አክስቴ፣ አያምልጥሽ፤ ነገ ያልቃል፣ ከነገ ወዲያ ዋጋው እጥፍ ይሆናል” ብሏቸዋል። ጎረቤታቸው ደግሞ፣ “ዕዳ ሊያሸክሙን ነው፤ ይህ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም” ብለዋቸዋል። “ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?” አሉኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ልናገር ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤ የሽያጩን ዝርዝር መግለጫ እኔም አላነበብኩትም። የማውቀው እንደ ሁለቱ መካሪዎች ሁሉ ከሰው የሰማሁትን ብቻ ነው። የእኚያን እናት የዓመት ድካም በባዶ ምላሴ ልወስንበት ነበር!

ለመሆኑ ስለ አክሲዮን የሚወራ ወሬ ተራ ወሬ ነውን? አይደለም፤ በሌላው ሰው ገንዘብ ላይ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ሃይማኖታችን ይህንን ያስተማረን አክሲዮን የሚባል ነገር ሳይታወቅ ነው። የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ገዢ መስሎ ዋጋ ማናር “ነጅሽ” ይባላል፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለውታል። ነቢዩላህ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ደግሞ የመድየንን ሰዎች ካስጠነቀቁባቸው ጥፋቶች አንዱ የሰዎችን ንብረት ማጉደል ነው። ከሙፈሲሮች መካከል ይህ ማጉደል ሚዛን ከመቀነስ አልፎ የሰውን ዕቃ ያለ አግባብ ማንቋሸሽንም እንደሚጨምር ያስረዱ አሉ። እንግዲህ አንዱ የሌለውን ዋጋ ይጨምራል፣ ሌላው ያለውን ዋጋ ይቀንሳል፤ ሁለቱም ሚዛኑን በምላስ ይነካሉ።

ይህ ሲባል ግን ጉድለትን መናገር ሁሉ ሐሜት ነው ማለት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ሻጩን በግልጽ ወቅሰውታል። ልብ እንበል፤ የተናገሩት እጃቸውን ካስገቡ በኋላ ነው። የኛ ችግር ግን ክምሩን በሩቅ አይቶ “ደረቅ ነው” ወይም “በስብሷል” ማለት ነው።

እስኪ በቅርብ የምናውቀውን እናስታውስ። ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም አክሲዮን ሲሸጥ ብዙ ሙስሊም በጉጉት ገዝቶ ነበር። “ዛሬ ነገ ይከፈታል” ተባለ። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ከወለድ ነፃ አገልግሎት በነባር ባንኮች መስኮት ብቻ እንዲሰጥ የሚያዝ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ መጣና ውጥኑ ቆመ። ያን ጊዜ ደግሞ “ከእንግዲህ አበቃለት” ተባለ። በ2011 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ፤ በሰኔ 2013 ባንኩ ሥራ ጀመረ። አወዳሹም ተስፋ አስቆራጩም ተሳስተው ነበር። የቴሌኮሙም እንዲሁ ነው። “ነገ ያልቃል” የተባለው ሽያጭ ቀነ ገደቡ ተራዝሞ የካቲት 7 ቀን 2017 ሲዘጋ፣ ለገበያ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ይሁንና “ማንም አይገዛውም” ያለም አልቀናውም፤ ከ47,000 በላይ ሰዎች ገዝተዋል።

በሠፈራችን ልደታ ፍርድ ቤት አለ። ችሎት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው ምስክር “ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን?” ተብሎ ይጠየቃል። ስለ አንድ በግ ወይም ስለ አንድ አጥር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የቤተሰብ ጥሪት ላይ ስንመክር ለምን “ሰማሁ” ይበቃናል? በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው።

ስለዚህ ሙገሳም ይምጣ ሐሜት፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ተናጋሪው ከመግዛቴ ወይም ከመተዌ የሚያገኘው ጥቅም አለን? የድርጅቱን ሀብት፣ ዕዳና ትርፍ የያዘውን መግለጫ አንብቧልን? እኔስ ገንዘቡን መቼ እፈልገዋለሁ? የድርጅቱ ሥራ ከወለድ ጋር ያለው ንክኪ ደግሞ ለብቻው ዑለማዎች የሚጠየቁበት ነው፤ እሱም ቢሆን በወሬ አይወሰንም።

በማግስቱ ከእናትየው ትልቅ ልጅ ጋር ተቀምጠን መግለጫውን ማንበብ ጀመርን። ወደ መጨረሻው ሳንደርስ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። “የታናሽየው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ከአራት ወር በኋላ” አሉኝ። አክሲዮን እንደ ባንክ ተቀማጭ በፈለጉት ቀን አይወጣም፤ ገዢ ማግኘት ይጠይቃል። አልገዙም። ይህ ድርጅቱን መንቀፍ አይደለም፤ ቀኑ የቀረበ ገንዘብ ስለነበረ ነው። ለዓመታት የማይፈልጉት ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ሌላ በሆነ ነበር።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ከጥር 2017 ጀምሮ ተከፍቷል። የአክሲዮን ዋጋ በየጊዜው የሚወጣበትና የሚወርድበት ዘመን ገብተናልና ምላስ የምታደርሰው ጉዳት ከትናንቱ ይበልጣል። ያላነበብነውን አናወድስ፣ ያላየነውን አናጣጥል። የማናውቀውን ስንጠየቅ “አላውቅም” ማለትም አማና መጠበቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሲሳይና ታማኝ ምላስ ይስጠን። አሚን።