ከደዌ በኋላ ስለሚቀርብ እንጀራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የምኵራብ አለቃ የነበረ ኢያኢሮስ ስለ ልጁ መዳን ከጌታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ እግር በታች ወድቆ እንደ ለመነ በወንጌል ተጽፏል። ልጂቱ የ12 ዓመት ብላቴና ነበረች። ጌታችን ገና በመንገድ ሳለ መሞቷ ተነገረ፤ እርሱ ግን ወደ ቤት ገብቶ እጅዋን ይዞ አስነሣት። እስከዚህ ያለውን ታሪክ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ፍጻሜውን ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። በቤት ውስጥ የነበሩት ሁሉ በታላቅ መደነቅ ተይዘው ሳሉ፥ ጌታችን ለልጂቱ የምትበላው ነገር እንዲሰጧት አዘዘ።

ሞትን ድል የነሣ ጌታ ስለ ቍራሽ እንጀራ ማሰቡ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ መምህራን እንደሚያስተምሩት መነሣቷ እውነት እንጂ ምትሐት አለመሆኑ ይታወቅ ዘንድ ነው፤ ምትሐት አይበላምና። አንድም፥ ሕይወትን መስጠት የእርሱ ነው፤ ማዕድ ማቅረብ ግን የወላጆችዋ ነውና፥ ተአምራቱ የእነርሱን ሥራ እንዳላስቀረ ሊያስረዳ ነው። አንድም፥ በደዌ የሰነበተች ብላቴና እንደምትራብ ያውቃልና ነው። ሰው ሁሉ በተአምራቱ ታላቅነት ሲደነቅ፥ የልጂቱን ረኃብ ያሰበ እርሱ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው በዚህ በሦስተኛው ነገር ላይ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከልጅነት ወደ ጕልምስና የሚሸጋገር ወጣት በጽኑ ደዌ ሲያዝ ቤተ ሰቡ ሁሉ ስለ እርሱ ይጋደላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ስእለት ይሳላል፤ ካህኑም ጸሎት ያደርሳል። የሞት ሥጋት ካለፈ በኋላ ግን ረጅሙ የማገገሚያ ወራት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጠያቂው ይቀራል፥ ትዕግሥትም ያልቃል። ልጁን ከሞት ያተረፈ ቤት፥ ልጁ በኀዘን ሲደክም ሳያየው ይቀራል።

ይልቁንም ደዌው ብዙ ሰው የማያውቀው ሲሆን ብቸኛነቱ ይከፋል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ በድሬዳዋ በተነሣ ጊዜ፥ የታመመው ሰው በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነበረ። ጕልበቱን የሚያመው ሰው ጎረቤቱም እንደ እርሱ ሲያነክስ እያየ ይጽናና ነበር፤ የሕማሙም ስም በሁሉ አፍ ይነገር ነበር። ጥቂቱን ሰው ብቻ የሚያገኝ ደዌ ግን እንዲህ ያለ ማኅበርተኛ የለውም። ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው በዋሂል፥ የ15 ዓመት ልጅ እግሩ በጥቂት ቀን ውስጥ አልታዘዝ ቢለው፥ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይቻለሁ የሚል ሰው በመንደሩ በቀላሉ አይገኝም። ስሙ ያልታወቀ ደዌ ደግሞ ፈጥኖ ክፉ ስም ይወጣለታል። አንዱ ቡዳ በላው ይላል፤ አንዱ ድግምት ተራምዶ ነው ይላል፤ አንዱም የአባቱን ኃጢአት ይቈጥራል።

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ማን እንደ በደለ በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታችን በሁለቱም ላይ በደል አላደረገም። እንግዲህ ጌታ ያልፈረደውን ፍርድ በድውይ ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚፈርድ ሰው ከማን ተምሮ ነው?

ለምሳሌ ያህል ሐኪሞች ጊያን ባሬ የሚሉት ደዌ አለ። ይህን ስም ያገኘው ጊያንና ባሬ ከሚባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች ነው፤ እነርሱም ስትሮል ከሚባል ባልንጀራቸው ጋራ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1916 ዓመት፥ በታላቁ ጦርነት ጊዜ፥ ሰውነታቸው ስለ ደከመ ሁለት ወታደሮች ጽፈው ነበር። ደዌው በዓመት ከ100,000 ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ያህል የሚያገኝ ነው፤ ወጣት ሽማግሌ ብሎ አይለይም። ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ወይም የጉንፋን ዓይነት ሕማም ካለፈ በኋላ ይነሣል። ሰውነት ሕማሙን ለመከላከል ያሰለፈው ኃይል፥ ጠላትን ከወዳጅ መለየት ተስኖት፥ ነርቭ የሚባሉትን የገዛ ራሱን የስሜትና የእንቅስቃሴ ጅማቶች ይወጋል። ድካሙ ብዙውን ጊዜ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትንፋሽን እስከ መከልከልም ሊደርስ ይችላልና፥ ምልክቱ የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። አብዛኛው ሕመምተኛ ይድናል፤ ዳሩ ግን ኃይሉ እስኪመለስ ብዙ ወራት፥ ለአንዳንዱም ዓመታት ያስፈልጋል። እነዚያም ሁለት ወታደሮች አገግመዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱን በቡዳነት አያማም፤ የድውዩንም እናት በነገር አይወጋም።

እንዲህ ካለ ደዌ የሚነሣ ልጅ ፈውሱን በጥቂት በጥቂቱ ይቀበላል። አንድ ቀን የውኃውን ኩባያ በገዛ እጁ ይዞ ይጠጣል። ሌላ ቀን የሸሚዙን ቍልፍ ያለ ረዳት ይቈልፋል። ከዚያም ተደግፎ ወደ ደጃፍ ይወጣና ሙቀቱ ሳይበረታ የማለዳ ፀሐይ ይሞቃል። የማሽላው እንጀራ ሲጋገር ሽታው ያስደስተዋል፤ በወተት የፈላውን ሆጃ ፉት ይላል፤ የዘይቱኑን ጣዕም እንደ አዲስ ያውቀዋል፤ ታናሽ እኅቱ ስትቀልድበት ይስቃል። ለጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ጤነኛ ሰው ከአልጋው ሲወርድ እግሩ ስለ ታዘዘለት የሚያመሰግነው ስንት ጊዜ ነው? ለሚያገግመው ልጅ ግን እያንዳንዱ ከእግዚአብሔር እጅ ዛሬ የተሰጠ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቤተ ሰቡ ይህን ሁሉ ከምንም ሳይቈጥረው ሲቀር ነው። አባት መቼ ወደ ማሳው እንደሚወርድ፥ እናት መቼ ውኃ እንደሚቀዳ፥ ጎረቤት መቼ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመለስ ይጠይቁታል። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ፍቅር ነው፤ ልጁ ግን ጥያቄውን ሲሰማ ገና የቀረውን እንጂ የተሰጠውን አያይም። ራሱንም ለቤቱ ሸክም አድርጎ ይቈጥራል። ጌታችን ኢያኢሮስን ልጅህ መቼ ሥራ ትጀምራለች አላለውም፤ የሚበላ እንዲሰጣት አዘዘ እንጂ። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ስለ ቻለ ከልጃችሁ ጋራ አመስግኑ፤ ነገ የሚችለውን ለነገው ጌታ ተዉለት።

ምናልባት፥ ክርስቲያን የሥጋን ደስታ ሊንቅ ይገባዋል እንጂ በመብልና በመጠጥ ደስ ሊለው ይገባዋልን የሚል ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ፥ ሰው ከድካሙ በልቶና ጠጥቶ ደስ መሰኘቱ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስተምሯል። የሐዋርያት ቀኖናም ሥጋንና ወይንን ስለ ተጋድሎ ሳይሆን እንደ ርኩስ ቈጥሮ የሚተወውን ይነቅፋል፤ እንዲህ ያለው የፈጣሪን ሥራ ይሰድባልና። የሚጾም ሰው እንጀራን የሚተወው መልካም ስለ ሆነ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መተዉ መሥዋዕት ባልሆነም ነበር። ቅንጦትና ደስታም ልዩ ልዩ ናቸው። ቅንጦት ብዙ አግኝቶ ሌላ ይሻል፤ ደስታ ጥቂት ተቀብሎ ያመሰግናል። ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ፥ መልአኩ ከተግሣጽ አስቀድሞ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ ተራራ የሄደው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለዚህ የጾም ነገር በሚያገግም ልጅ ላይ ሸክም ሊሆን አይገባም። የሐዋርያት ቀኖናም ሆነ ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲያዝዙ በሥጋ ሕማም የተያዘውን ለይተውታል። እናት የነፍስ አባቷን ታማክር፤ የነፍስ አባትም ልጁ ወተትና እንቍላል የሚያስፈልገው መሆኑን ሲሰማ በደስታ ይፍቀድ እንጂ ፊቱን አያጥቍር። ልጁም ሲበላ እንደ ኃጢአተኛ ተሸሽጎ እንዳይበላ ይነገረው። ጎረቤት የሆነ እስላምም ወተት ይዞ ሊጠይቅ ቢመጣ፥ ቸርነቱን በክብር ተቀበሉለት።

እንዲሁም ጠበሉንና መድኃኒቱን እንደ ሁለት ጠላቶች የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ሲራክ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረውና መድኃኒትን ከምድር እንዳወጣ ጽፏል፤ ይህም መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት በዕድሜው ላይ እንዲጨመርለት ከእግዚአብሔር ተስፋ ተቀብሎ ሳለ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ተስፋው በለሱን አላስቀረውም፤ በለሱም ተስፋውን አልሻረውም። ስለዚህ ጠበሉን የሚጠመቅ ልጅ የሐኪሙን ቀጠሮ አይለፍ፤ እጅና እግሩን እንዲያለማምድ የታዘዘውንም በየቀኑ ያድርግ።

አሁን ደግሞ በአገራችን በተለይም በሐረርጌና በድሬዳዋ ምእመናን ዘንድ ስላለው ስለ ስእለት እንናገር። ራስ መኰንን ባሳነጹት በቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ነው። ልጇ የታመመባት እናት፥ ቢድንልኝ በእግሩ አስኬጄ ከደጅህ አደርሰዋለሁ ብላ መሳሏ የእምነት ሥራ ነው። ነገር ግን ልጁ ገና በምርኩዝ ሲራመድ፥ በጾመ ነቢያት ወራት የደንገጎን ዳገት አውጥታ ወደ ቁልቢ ልትወስደው ብትነሣ ልናስቆማት ይገባናል። ስእለት መክፈልን ማዘግየት በሕግ ተከልክሏል ብትል፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሳለችው እርሷ ናት። የእናት ስእለት በልጁ ጕልበት አይከፈልም።

ለዚህም ምስክር ሐና አለችን። ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ልትሰጥ የተሳለች እርሷ ነበረች። ባልዋ ሕልቃና ለዓመቱ መሥዋዕትና ለስእለቱ ወደ ሴሎ ሲወጣ ግን አብራው አልሄደችም፤ ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ በቤት ቈየች። ያን ጊዜ ወሰደችው። ይህን ያደረገችው ስእለቷን ረስታ አይደለም፤ የልጁን አቅም ጠብቃ ነው፤ እግዚአብሔርም አልተቈጣም። ቅዱስ ገብርኤልም በታኅሣሥ 19 የምናከብረው ሦስቱን ወጣቶች አናንያን፥ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ስለ ማዳኑ ነው፤ በሐምሌ 19 የምናከብረውም ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ስለ ማዳኑ ነው። ሁለቱም በዓላት የልጆች መዳን ናቸው። ልጆችን ከእሳት ያዳነ መልአክ ልጅ በመንገድ እንዲወድቅ አይወድም። እናቲቱ ብትችል ብቻዋን ሄዳ ታመስግን፤ ልጁ ጕልበቱ በጸና ዓመት ይሄዳል።

ሙሉ በሙሉ ሳይድኑ የሚቀሩም አሉ። የእግሩ ድካም የማይለቀው ወጣት እምነት ጐድሎት ነው አይባልም፤ ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ፥ መውጊያው ሳይርቅ ጸጋው በቅቶታልና። የማለዳው ፀሐይ፥ የውኃው ጥም መርካት፥ የባልንጀራ ጨዋታ ለዚህ ወጣት ከፈውሱ ተርፎ የመጣ ፍርፋሪ አይደለም፤ የዕለት እንጀራው ነው። የዕለት እንጀራንም ጌታችን ራሱ እንድንለምን አስተምሮናል።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ድውይን በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ የሁሉ ሥራ ነው፤ በአራተኛው ወር መጠየቅ ግን የእረኛ ሥራ ነው። በዚያ ወር ስትሄዱ ረጅም ስብከት ይዛችሁ አትሂዱ። ከልጁ ጋራ ተቀመጡ፤ ከቀረበው አብራችሁ ቅመሱ፤ በዚህ ሳምንት ምን አዲስ ነገር እንደ ቻለ ጠይቁት፤ ስለዚያች ስለ አንዲቱ ነገር አብራችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ።

አንተም ወጣት ሆይ፥ ኩባያውን ስታነሣ እጅህ ቢንቀጠቀጥ አትፈር። የኢያኢሮስን ልጅ እጅዋን ይዞ ያስነሣ ጌታ የአንተንም እጅ ይዟል። የቀረበልህን በምስጋና ብላ።

የኢያኢሮስን ቤት የጐበኘ አምላክ በየቤቱ የተኙትን ድውያን ይጐብኝልን፤ ለሚያገግሙት ጽናትን፥ ለሚያስታምሙት ትዕግሥትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፥ አሜን።