ሴት ልጅን ወደ ተማሪ ቤት መስደድ ብቻ ይበቃልን?

ሰው ለሰው ስጦታ በሰጠ ጊዜ ሊመረመር የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ስጦታው የተሰጠው በስሙ ብቻ ነው ወይስ በሥራውም ጭምር ነው የሚል ነው። ለጎረቤቱ በሬዎቹን አውሶ ቀንበርና ሞፈር የነፈገ ሰው፥ አውሻለሁ ብሎ ሊመካ አይችልም፤ የተዋሰውም ሰው ማሳው ጦም ቢያድር ሰነፍ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም። ሴት ልጁ ወደ ተማሪ ቤት እንድትሄድ ፈቅዶ የምታጠናበትን ጊዜ የማይሰጣት አባትም ነገሩ ከዚህ ጋራ አንድ ነው።

ይህ ነገር በአገሪቱ በብዙ ስፍራ የሚገኝ ሲሆን፥ በምዕራብ በሱዳን ወሰን አጠገብ ባለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፥ በዋና ከተማው በአሶሳ ዙሪያ ባሉት የገበሬ መንደሮች ሲመለከቱት ይበልጥ ይገለጣል። በዚያ ክልል የቤርታ፥ የጉሙዝ፥ የሺናሻ፥ የማኦና የኮሞ ሕዝብ ይኖራል፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎችም ልጅ ወልደው አገሩን አገራቸው አድርገውታል። ቋንቋቸውና ልማዳቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ዳሩ ግን ውሃ ቅጂ የምትባለው በሁሉም ቤት ሴት ልጅ ናት።

ከዘጠነኛ ክፍል የደረሰች የገበሬ ልጅ በዚያ አገር ዶሮ ሲጮኽ ትነሣለች። ጀሪካንዋን ይዛ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ጉድጓድ ትወርዳለች፤ በበጋ ውሃው ሲጎድል ወረፋው ይረዝማል። ተመልሳ ቤት ትጠርጋለች፥ እሳት ታነዳለች፥ የማሽላውን ገንፎ አገንፍታ ታናናሾችዋን ታበላለች፤ ከዚህ በኋላ ደብተርዋን ይዛ በእግርዋ ትገሠግሣለች። ከተማሪ ቤት ስትመለስ እንጨት ለቀማው ይጠብቃታል። የቤርታና የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ ዘንግ አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ሸክም አመዛዝነው መሄድ ያውቁበታል፤ ልጂቱም ይህን ከእናትዋ ተምራለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ሲደርስ፥ ትምህርቱ ገና ከመካከል ሳለ፥ ወፍ መጠበቁና መከር መሰብሰቡ ይጨመራል። በሸርቆሌና በኩርሙክ በኩል ያሉት ደግሞ ከእናቶቻቸው ጋራ በወንዝ ዳር ወርቅ ያጥባሉ። ማታ እራት ተበልቶ ዕቃው ሲታጠብ ሌሊቱ ይገፋል፤ መጽሐፉም የሚገለጠው ዓይን ሊከደን ሲል ነው።

መጽሐፉም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የቤርታ ልጅ በቤትዋ በእናትዋ ቋንቋ ትናገራለች፤ ለገበያና ለመሥሪያ ቤት አማርኛ ያስፈልጋታል፤ ሒሳብንና የተፈጥሮን ዕውቀት ግን በሦስተኛ ቋንቋ ትማራለች። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚያስፈልጋት እርስዋ ስትሆን፥ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ያጣችውም እርስዋ ናት።

አባትየው የሚመልሰው መልስ አለው፤ መልሱም የሚናቅ አይደለም። ቤቱ ድኻ ነው፤ ማሽላው በወቅቱ ካልታረመ የሚከተለው ረኃብ ነው። ሥራ የማታውቅ ልጅ ትምህርትዋ ትዕቢት ይሆንባታል፤ ዶማ የጠላ ምሁርም ለአገር ሸክም ነው። ደግሞም አባትና እናትን ማገልገል የልጅ ዕዳ ነው ይላል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄው ልጂቱ ትሥራ ወይስ አትሥራ አይደለም፤ የቤቱ ሥራ የማን ነው የሚል ነው። ወንድምዋ በእርሻው ይረዳል፤ ዳሩ ግን የእርሱ ሥራ ወቅት አለው፥ የእርስዋ ግን ዕለት ዕለት ነው። ከአንድ ክፍል ወጥተው አብረው የመጡ ሁለቱ ልጆች፥ እርሱ ከማንጎው ጥላ ሥር ሲቀመጥ እርስዋ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ሥራ ልጅን የሚያሳምር መልካም ነገር ከሆነ፥ ለወንድምዋ ስለ ምን ተከለከለው? ዕዳ ከሆነም፥ ሁለት ባለዕዳዎች ሳሉ ከአንዲቱ ብቻ መቀበል ፍርድ ማጓደል ነው።

ትምህርት ያለ ጊዜ እንደማይሆን ለማወቅ የአብነት ተማሪን ኑሮ ማስታወስ ይበቃል። ቅኔ ሊማር የወደደ የገበሬ ልጅ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከአባቱ ቤት ይወጣል። ስለ ምን ይወጣል? በአገሩ መምህር ስለ ታጣ ብቻ አይደለም፤ በአባቱ ቤት ሳለ በሬውም ላሙም ማሳውም ስለሚጠሩት ነው። በሰው አገር በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ሲለምን፥ ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት ሰነፍ አትለውም፤ የሚማርበትን ጊዜ በእንጀራዋ ትገዛለታለች። ከሊቃውንት ወገን በዚህ ቁራሽ ያልቆመ ማን አለ? በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሳሉ ቅኔ ተምረው ወንዶችን ያስተማሩ መምህር የሆኑት፥ አባታቸው ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ጉባኤውንም ስለ ሰጧቸው ነው። የአሶሳዋ ልጃገረድ አኩፋዳ አንግታ አትሰደድም፤ ስለዚህ የገዛ ቤትዋ ቁራሽ የሚሰጥ ደጅ ሊሆንላት ይገባል።

ይህ ባለመሆኑ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው በተፈተኑ ጊዜ፥ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጠባብ በር ለማለፍ፥ ሌሊት ያጠናው ልጅና ሌሊት ዕቃ ያጠበችው ልጅ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። እርስዋ በወደቀች ጊዜም፥ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው ተረት ይጠቀስባታል። እንዲህ ሲሆን ጊዜዋን የወሰዱባት ሰዎች ፈራጆች ሆነው ተቀመጡ፤ የተወሰደባት ልጅ ግን ተከሳሽ ሆና ቆመች። ከአባትዋም ከመንደሩም ይልቅ የከፋው፥ እርስዋ ራስዋ ፍርዱን እውነት ነው ብላ መቀበልዋ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፥ ሕፃናት ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ እስከ ደጃፍ ይደርሳል እንጂ ወደ ማድ ቤት አይገባም፤ በማድ ቤት ያለውን የሚያቃናው የቤቱ ጌታ ኅሊና ነው። እናትየዋ ለዚህ ልትወቀስ አይገባም፤ ለእርስዋ ያን ጊዜ የሰጣት አልነበረምና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ወንድ ልጅ ጀሪካን ቢሸከም ክብሩ አይጎድልም፤ አባትም ከመሸ በኋላ እሳቱን ቢያነድ ጌትነቱ አይቀርም። ለልጂቱ የሚያስፈልጋት የቀን ሁለት ሰዓትና ከመሸ የሚበራ መብራት ነው፤ ይህም ከድኻ ቤት የማይታጣ ነው። እንግዲህ አባት የሆነ ሰው በሰኔ የልጁን ውጤት ከመጠየቁ በፊት፥ ከመስከረም ጀምሮ ስንት ማታ እንደ ሰጣት ራሱን ይጠይቅ።