ስለ ማኅፀን ሕመምና ስለ ልጅ ተስፋ

ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን የማያምን ክርስቲያን የለም። ስጦታን ግን በምስጋና ይቀበሉታል እንጂ እንደ ዕዳ አያስከፍሉትም። በየቤታችን የምናየው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። ሙሽራዪቱ ከገባች ዓመት ሁለት ዓመት ሲሞላ ዘመድ ሆዷን ይመለከታል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ጥቂት ቆይቶም መካን የሚለው ስም ይወጣላታል። ሐኪም ሕመሟን አግኝቶ በቀዶ ሕክምና ከረዳት በኋላ ደግሞ፥ ቍስሉ ሳይደርቅ፥ «እንግዲህ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላታል። ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አስቀድመን ደዌውን እንወቅ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ሕመም፥ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ፥ በእንቍላል ዕጢዎች፥ በቱቦዎችና በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲበቅል ነው። ይህ ሥጋ በልማደ አንስት ጊዜ ያብጣል፥ ይደማል፤ ከዚያም ጠባሳ ይተዋል፤ አንዱን የሆድ ዕቃ ከሌላው ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶው 10 የሚያህሉት፥ ይኸውም በመላው ዓለም 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፥ ይህ ሕመም አለባቸው። እንግዲህ ይህን የሚያህል ሕዝብ የሚያገኘውን ደዌ የአንዲት ሴት ርግማን አድርጎ መቍጠር አላዋቂነት ነው። ብዙዎቹ ግን ሥቃያቸውን ሲናገሩ «የሴት ልማድ ነው፥ ቻዪው» እየተባሉ፥ ሕመማቸው ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚህም ሌላ በማኅፀን ግድግዳ የሚበቅለው ማዮማ የተባለው ዕጢ፥ ማኅፀንን የሚከፍል ግርዶሽ፥ በውስጡም የሚቀር ጠባሳ ፅንስን ሊያሰናክሉ ይችላሉ።

ቀዶ ሕክምናውስ ምን ያደርጋል? በካናዳ ተደርጎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሕመማቸው ያልጠና፥ ልጅ ግን ያላገኙ 341 ሴቶች በሁለት ወገን ተከፍለው ታዩ። በላፓሮስኮፒ፥ ማለት በጠባብ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ፥ ሕመሙ ከተወገደላቸው ሴቶች በ36 ሳምንት ውስጥ ከመቶው 31 የሚያህሉት ፀነሱ፤ በመሣሪያው ታይተው ሳይወገድላቸው ከቀሩት ግን ከመቶው 18 የሚያህሉት ናቸው። ይህን ቍጥር የሚያነብ ሁለት ነገር ያስተውል። ቀዶ ሕክምናው ተስፋን ጨምሮአል፤ ስለዚህ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። ከታከሙትም መካከል የሚበዙት በዚያ ጊዜ ውስጥ አልፀነሱም፤ ስለዚህ ታክማ ያልፀነሰችውን ሴት መውቀስ አይገባም። እምነቷ ስላነሰ፥ ጸሎቷም ስላልተሰማ ነው የሚል ሰው ባልተሰጠው ሥልጣን ይፈርዳል።

ደግሞ ሁሉም ቀዶ ሕክምና አንድ አይደለም። በእንቍላል ዕጢ ላይ የተቋጠረው ዕብጠት ሲወጣ የእንቍላሎቹ ቍጥር ሊቀንስ ስለሚችል፥ ባልና ሚስት ከሐኪሙ ጋር አስቀድመው መመካከር አለባቸው። ማዮማ ከማኅፀን ግድግዳ የወጣላት ሴትም ግድግዳው እስኪጠና ድረስ ሐኪሙ ጥቂት ወራት እንድትቆይ ያዛታል፤ ወደ ፊትም በምጥ ፈንታ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ሊመክራት ይችላል። በዚህ ጊዜ «ፈጥነሽ ፀንሺ» የሚል አማትም ሆነ ዘመድ፥ መልካም ያሰበ እየመሰለው በሕይወቷ ላይ አደጋ ያመጣባታል። ሕመሙም ከተወገደ በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና፥ ሥቃዩ ሲመለስ ሴቲቱ ሳታፍር ትናገር።

በወንዶች ዘንድ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። ልጅ የመታጣቱ ምክንያት በሚስት፥ በባል፥ ወይም በሁለቱም ሊገኝ ይችላል። የባል ምርመራ ያለ ቢላዋ የሚፈጸም ቀላል ነገር ሲሆን፥ ባል በኩራት እንቢ ብሎ ሚስት ብቻ ስትቀደድ ማየት አሳዛኝ ነው። ሁለቱ አንድ ሥጋ ከሆኑ፥ ምርመራውም የሁለቱ ይሁን።

እናንተ ካህናት አባቶቻችን ሆይ፤ ይህን ምስጢር አስቀድማችሁ የምትሰሙት እናንተ ናችሁና የዔሊን ታሪክ አስቡ። ሐና ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ስታለቅስ፥ ካህኑ ዔሊ የከንፈሯን እንቅስቃሴ አይቶ የሰከረች መሰለው። ኀዘኗን ከአፏ ከሰማ በኋላ ግን በሰላም አሰናበታት፤ ልመናዋም እንዲፈጸም መረቃት። እኛም ሳንሰማ አንፍረድ። ዘካርያስና ኤልሳቤጥም ገና ልጅ ሳያገኙ ጻድቃን እንደ ነበሩ ወንጌላዊው ሉቃስ መስክሮላቸዋል፤ ስለዚህ ልጅ ማጣት የኃጢአት ደመወዝ ነው የሚለው አነጋገር ከወንጌል የወጣ አይደለም። ወደ ጠበል የምትመጣውንም ሴት መድኃኒትሽን ጣዪ፥ ሐኪም ቤት አትሂጂ አንበላት። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል። ጠበሉንም፥ የሐኪሙንም ጥበብ የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። ገና ያልደረቀ ቍስል ካላት፥ ከመጠመቋ በፊት ሐኪሟን እንድትጠይቅ እንምከራት። ሌላ የሕክምና መንገድ በቀረበላቸው ጊዜም ባልና ሚስት ስለ አካላቸው ሐኪሙን፥ ስለ ሕሊናቸው የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

ልጅ ያልተሰጣቸውስ ምን ይሁኑ? ማኅፀኗ በሕመም ምክንያት ፈጽሞ የወጣላት ሴት አለች፤ ለእርስዋ ትወልጃለሽ ብሎ መተንበይ ማጽናናት ሳይሆን ቍስልን መቀስቀስ ነው። አባቶቻችን ጋብቻ ለመረዳዳት፥ ልጅ ለመውለድና ከዝሙት ለመጠበቅ እንደ ተሠራ ያስተምሩናል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ጸንተው ይኖራሉ። በሕመሟ ወራት ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ውሃ ያቀበላት ባል የመረዳዳትን ሕግ ፈጽሞአል፤ ስለ ማኅፀኗ የሚያሰናብታት ግን ቃል ኪዳኑን ከልጅ ጋር እንጂ ከሚስቱ ጋር እንዳላደረገ ያሳያል። ሕልቃና ሐናን ልጅ ሳትወልድ አብልጦ ይወዳት ነበር፤ ፍቅሩ ሳሙኤልን አልጠበቀም።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ ታክማ የዳነችውን ሴት «መቼ?» ከማለት «እንዴት ነሽ?» እንበላት። ሥቃይዋ ቀርቶ በሰላም መተኛትዋ ብቻውን ምስጋና የሚገባው ነው። ልጅ ቢሰጣት አብረን እልል እንበል፤ ባይሰጣትም በማኅበራችን መካከል ያለ ነቀፋ፥ ያለ ሹክሹክታ ትቀመጥ። የተጨነቁትን ሴቶች ልመና የሚሰማ አምላክ ለሕሙማን ፈውስን፥ ለሐኪሞች ማስተዋልን፥ ለእኛም የሚራራ ልብን ይስጠን፤ አሜን።