ካሴቱን ማን ጣለው? ማንስ አነሣው?

በስልኩ የፈለገውን ዘፈን የሚያገኝ ወጣት ካሴትና ሸክላ ምን ያደርግለታል? «ፋሽን ነው» ብለን አንለፈው። ናፍቆትም አይባል፤ ያልኖሩበት ዘመን አይናፍቅም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሲዲ ይልቅ ሸክላ በቁጥር በልጦ ተሽጧል፤ እንዲህ ሲሆን ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከእኛም መካከል የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እንመልከት። የዋልያስ ባንዱ ኦርጋን ተጫዋች በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ኋላ እንደ እኔው እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

በእኔ አስተያየት ወጣቱን የሚስበው ገደቡ ነው። ካሴት ያልቃል፣ ይገለበጣል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁሉ በእጁ ያለ ሰው ግን አንዱንም ሳይጨርስ ወደ ሌላው ያልፋል። ወጣቱ የተራበው ማዳመጥን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። ፖስታ ውድና ስልክ ብርቅ በነበረበት ጊዜ ከአገር ቤት በካሴት ተቀድቶ የመጣልን የእናት ድምፅ የት ወደቀ? እዚህ ሎረል ስንቱ ቤዝመንት ውስጥ ይሆን? ክሩ በእርጥበትና በሙቀት ይበላሻል። የዘፈኑን ካሴት ልጃችን ከገበያ ይገዛዋል፤ የአያቱን ድምፅ ግን ከየት ያመጣል?

«ይህ ምንድን ነው?» ሲላችሁ «አሮጌ ዕቃ ነው» አትበሉት። አብራችሁት ስሙ፤ የሚናገረው ማን እንደሆነም ንገሩት። አደራው የእኛ ነው።