ቴፕ ከመግጠምህ በፊት

ልጄ፣ ቀን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን እየጠገንክ፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ለሰርቪስ ሹፌሮችና ለሰፈርህ ባለመኪኖች ቴፕ መግጠም እንደጀመርክ እናትህ ነገረችኝ። «እርስዎ በሙያው የኖሩ ነዎት፤ አንድ ነገር ይበሉት» ብላ አደራ ጣለችብኝ። በመጀመርህ ደስ ብሎኛል። ካቻቢቴና ፒንሳ የለመደ እጅ ቦዝኖ አያድርም። ግን አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእኛ ለሽቦ ሠራተኞችም ነውና፣ ጥቂት ልምከርህ።

የምልህ ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ነው፦ በሰው መኪና ላይ ወደ ነበረበት ልትመልሰው የማትችለውን ነገር አታድርግ። አትቁረጥ፣ አትብሳ፣ አትፋቅ። ሸሚዝ ተሰፍቶ ሲያልቅ ጥራት ተቆጣጣሪዋ መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ በየቀኑ ታያለህ፤ ገልብጣ ውስጡን ትመለከታለች። የአንተም ሥራ የሚመዘነው ስክሪኑ ሲበራ በሚታየው መልክ ሳይሆን፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ዳሽቦርዱን ሲከፍት ከኋላው በሚያገኘው ነው።

ከሁሉ በፊት ደንበኛህን ቴፑን ለምን መቀየር እንደፈለገ ጠይቀው። በከተማችን ከሚነዱት ትንንሽ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ መጀመሪያ የተሠሩት ለጃፓን ገበያ ነው። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው፦ አሐዱ 94.3፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ብስራት 101.1፣ ሸገር 102.1፣ አፍሮ 105.3። ስለዚህ መኪናው ደህና፣ ቴፑ ደህና፣ ስፒከሩ ደህና ሆኖ ባለቤቱ ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ ሲወርድ ሸገርን መስማት አይችልም። ቴፑ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ ለሌላ አገር አየር የተሠራ ነው።

ሰውየው የቸገረው ይህ ብቻ ከሆነ አዲስ ቴፕ አትሽጥለት። በአንቴናው ገመድና በቴፑ መካከል የሚሰካ ትንሽ ኮንቨርተር አለ፤ የጣቢያውን ቁጥር ቀንሶ ቴፑ ወደሚያውቀው ክልል ያወርደዋል። ስትገዛ ግን የሚቀንሰውን መጠን አንብብ። 12 የሚቀንሰውን ከገጠምክለት ሸገር 90.1 ላይ ይወድቅና ከ90 በላይ ስለሆነ ለጥቂት ያመልጠዋል። 20 የሚቀንሰው ሸገርን 82.1 ላይ ያመጣዋል፤ አሐዱ ግን 74.3 ላይ ወርዶ ከታች ይጠፋል። 18 የሚቀንሰው ከ94 እስከ 108 ያለውን በሙሉ ስለሚይዝ ለእኛ ከተማ የተሻለው እሱ ነው፤ የሚቀርበት እንደ 90.7 ያለው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ይህን አስልተህ የነገርከው ደንበኛ ዛሬ በጥቂት ብር ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ወር ሦስት ጓደኞቹን ይዞልህ ይመጣል።

ስክሪን፣ ብሉቱዝና የኋላ ካሜራ ፈልጎ ከሆነ የመጣው፣ እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ለካ። የተለመደው ባለ ሁለት ፎቅ ቴፕ ወርዱ 178 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ አንዱ ፎቅ የከፍታው ግማሽ ነው። ለጃፓን የተሠሩ ቶዮታዎች ክፍተት ግን ወርዱ 200 ሚሊ ሜትር ነው። መደበኛውን ቴፕ እዚያ ውስጥ ስታስገባው በግራና በቀኝ 11፣ 11 ሚሊ ሜትር ክፍት ይቀራል። ይህን ክፍተት በስፖንጅና በማጣበቂያ የሞላ ብዙ ሥራ አይቻለሁ፤ ኮብልስቶን ላይ አንድ ወር ሳይነዳ መንቀጫቀጭ ይጀምራል። ለዚያ መኪና የተሠራውን ፍሬም ወይም የጎን መሙያ ፈልግ፤ ወይም 200 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሠራውን ቴፕ አስመጣ። የጠፋ እንደሆነ ደንበኛውን «ይቆይ፣ ሲገኝ እደውላለሁ» በለው። ዳሽቦርዱን በሞረድ መሞረድ መልስ አይደለም።

የፊተኛውን ቴፕ አውጥተህ ስታበቃ በጎንና በጎኑ ያሉትን የብረት መያዣዎች አትጣላቸው። አዲሱም ቴፕ በእነዚያው መያዣዎች፣ በዚያው ብሎን ቦታ ሲታሰር ነው በትክክል የሚቀመጠው። በፊት ለፊት ፍሬሙ ብቻ ተይዞ ከኋላ የተንጠለጠለ ቴፕ ክብደቱ ሁሉ በፕላስቲኩ ላይ ነው።

ዳሽቦርድ ስትከፍት ካቻቢቴ አታስገባበት። ፕላስቲኩ ፀሐይ ያደረቀው ነው፤ ጥርሱ ይሰበራል፣ ጠርዙም ይፋቃል። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይኑርህ፤ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ ማርሹ ላይ ጨርቅ ጣል። የእያንዳንዱን ቦታ ብሎን በተለያየ ዕቃ አስቀምጥ፣ ርዝመታቸው አንድ አይደለምና። በጉልበት አትሳብ፤ ከኋላ የሃዛርድ መብራትና የማሞቂያ ሶኬቶች ተሰክተው ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ከመክፈትህ በፊት ደግሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ቆይ፤ ቶዮታ ራሱ ለኤርባግ ሲል የሚያዝዘው ነው። ቢጫ ሶኬት ያለበትን የኤርባግ መስመር በቴስተር እንኳ አትንካው። ግን ባትሪ መንቀሉ ላይ ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ የጃፓን ስክሪኖች ባትሪ ከተነቀለ በኋላ በጃፓንኛ ጽሑፍ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቁና ይቆለፋሉ። ደንበኛው የፊተኛውን ቴፕ መልሶ መጠቀም የሚፈልግ ከሆነ፣ ወይም የመጣው ለኮንቨርተር ብቻ ከሆነ፣ ይህን ሳትነግረው ባትሪ አትንቀል።

አሁን ወደ ሽቦው። የብዙዎቹ የጃፓን ቶዮታዎች ቴፕ ከኋላ ባለ 10 እና ባለ 6 እግር ሶኬት አለው፤ ባለ 10ሩ ኃይልና የፊት ስፒከሮችን፣ ባለ 6ቱ የኋላ ስፒከሮችን ይይዛል። ለእነዚህ የሚገጥም አዳፕተር በትንሽ ዋጋ ይሸጣል። ባይገኝ ሶማሌ ተራ ሄደህ ከሞተ ቴፕ ላይ ሶኬቱን ግዛና አዳፕተሩን ራስህ ጠረጴዛ ላይ ሥራው፤ በሊድ በይደህ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ሸፍነህ። የመኪናውን ሶኬት ቆርጦ ሽቦ ከሽቦ ጋር መጠምዘዝና ፕላስተር መጠቅለል ግን ለአንተ አሥር ደቂቃ ቢቆጥብልህም፣ ለመኪናው የዕድሜ ልክ ጠባሳ ነው። የፕላስተሩ ሙጫ በሙቀት ቀልጦ ይላቀቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

በአዲሱ ቴፕ ላይ ያለውን ቀለም ሸምድደው፦ ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያለው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ግራውንድ፣ ብርቱካናማው የዳሽቦርድ መብራት፣ ሰማያዊው የአንቴና። ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የአራቱ ስፒከሮች ናቸው፤ ጥቁር መስመር ያለባቸው ጥንዶቻቸው ኔጌቲቮቹ ናቸው። የመኪናው ሽቦ ግን ይህን ቀለም አይከተልም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጡ መኪኖችማ ሽቦአቸው በማናውቀው እጅ ተቀጥሎ ይሆናል። ስለዚህ ዓይንህን ሳይሆን ቴስተርህን እመን።

ቢጫና ቀዩን ብታቀያይር መኪናው በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና የተቀመጡት ጣቢያዎች ይጠፋሉ። ሁለቱንም ከቋሚው ኃይል ጋር ብታስር ደግሞ ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይጠጣል። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢስብ እንኳ በሦስት ቀን 36 አምፔር-ሰዓት ነው፤ የትንሽ መኪና ባትሪ ይህንኑ ያህል ነው የሚይዘው። ሥራህን ስትጨርስ ቁልፉን አውጥተህ፣ በሮቹን ዘግተህ፣ ጥቂት ጠብቀህ በቴስተር ለካ፤ መኪናው ተኝቶ የሚስበው ከ0.05 አምፔር ገደማ ካለፈ የሆነ ነገር አልተኛም። ርካሽ የአንድሮይድ ስክሪኖች በዚህ ይታወቃሉ።

የስፒከር ኔጌቲቭ ከቦዲ ጋር አይነካካ። የዛሬ ቴፖች ስፒከሩን በሁለቱም ሽቦ ነው የሚነዱት፤ አንዱን ግራውንድ ካደረግከው የማጉያው አይሲ ሊቃጠል ይችላል። ፊውዝ ሲቃጠልብህም ከፍ ያለ አትተካ። ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ብሎ ይጽፋል፤ ከኋላው ያለው ፊውዝ ግን ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ መስመሩ 14.4 ቮልት ቢሰጥ፣ በ10 አምፔር ከ144 ዋት በላይ አያልፍም፤ ከዚያም ላይ በሙቀት የሚባክን አለ። 200 ዋቱ የገበያ ቁጥር ነው። ደንበኛው «ድምፁ አነሰኝ» ቢልህ እውነቱን ንገረውና ማጉያ ከፈለገ በራሱ ፊውዝ ከባትሪ መስመር ሳብለት።

አንተ ካለህበት ቦታ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ወደ ፓርኩ ሠራተኛ የሚያመላልሱት ሁሉም ሚኒባስ አይደሉም። ሃይኤሱ 12 ቮልት ነው፤ ትልልቆቹ አውቶብሶችና የጭነት መኪኖች ግን በአብዛኛው 24 ናቸው። የ12 ቮልት ቴፕ በቀጥታ ብትሰካበት በዚያው ቅጽበት ይሞታል። አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ብሎ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይስባል፤ ቴፑ ይዘፍናል፣ ባትሪዎቹ ግን እኩል ስለማይሞሉ አንዱ እየደከመ፣ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያልቃሉ። ትክክለኛው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ መሳሪያ ነው፤ አምፔሩ ከቴፑ ፊውዝ በላይ ይሁን።

ሽቦውን ስትመልስ በጨርቅ ፕላስተር ጠቅልለው እንዳይንኳኳ፤ ከስለታም ብረት፣ ከመሪው ዘንግና ከማሞቂያው ቱቦ አርቀህ እሰረው። ፍሬሙን ከመዝጋትህ በፊት ሁሉንም ሞክር፦ አራቱን ስፒከር አንድ በአንድ፣ አንቴናውን፣ ካሜራውን፣ የሃዛርድ መብራቱን፣ ማሞቂያውን። የፊተኛውን ቴፕ፣ የተረፈውን ብሎንና ፍሬም በካርቶን አድርገህ ለባለቤቱ ስጠው። ንብረቱ ነው፤ መኪናውን ሲሸጥም ይጠቅመዋል።

ሹፌሩ «እየነዳሁ ቪዲዮ እንዲያሳየኝ የእጅ ፍሬኗን ሽቦ ግራውንድ አድርጋት» ይልሃል። እምቢ በል። ከኋላው የሚሳፈሩት የአንተው የሥራ ባልደረቦች፣ አብዛኞቹ ገና ወጣት ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በማሽን ድምፅ ውስጥ ውለው የሚወጡ ናቸውና፣ የኋላ ስፒከሩን ስታስተካክልም ለጆሯቸው እዘንላቸው። ሶኬቱ ተቆርጦ ሽቦው የተንጠለጠለ ቴፕ በርካሽ ይዞ የመጣብህ ሰው ካለም ከየት እንዳመጣው ጠይቀው። ባለቤት የፈታው ቴፕ ሶኬቱ አይቆረጥም።

የመጨረሻው ስለ ነገ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህ ለአንተ ሁለት ነገር ማለት ነው። አሁን ያሉት መኪኖች ረጅም ዓመት ይነዳሉ፤ ስለዚህ ሽቦአቸውን ሳይቆርጥ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ስክሪናቸው ከማሞቂያው፣ ከካሜራውና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ቴፕ ቀያሪ አያስፈልጋቸውም፤ የሽቦ ንድፍ የሚያነብ፣ ለክቶ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ያስፈልጋቸዋል። የዛሬው ቪትዝ ትምህርት ቤትህ ነው። የምትከፍተውን መኪና ሁሉ የሽቦ ንድፍ በደብተር ጻፍ፤ ቴስተር ሳትገዛ ሌላ መሣሪያ አትግዛ፤ ቆርጠህ የሠራኸውንም ሥራ ገንዘብ አትቀበልበት።